የመንጋጋ ምስክርነት

ሐምሌ 10 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ በዛሬይቱ ታንዛንያ በኦልዱቫይ ሸለቆ፣ ባለቤታቸው ሉዊስ ሊኪ ታመው ከሰፈር በዋሉበት ዕለት፣ የቅሪተ አካል ተመራማሪዋ ወይዘሮ ሜሪ ሊኪ ቁልቁለቱን በዓይናቸው እየመረመሩ ሲሄዱ ከአፈሩ ብቅ ያለ የራስ ቅል አገኙ፤ ዕድሜውም 1.75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ተገመተ። ዚንጅ ተብሎ የተጠራው የዚህ ፍጡር መንጋጋዎች ከዛሬው ሰው መንጋጋ እጅግ የሰፉ፣ ኢናሜል የሚባለው ጠንካራ የጥርስ ሽፋናቸውም የወፈረ፣ በአናቱም ላይ የማኘኪያ ጡንቻዎች የሚያያዙበት ከፍ ያለ የአጥንት ጠርዝ የቆመ ስለ ነበር፣ ሊቃውንቱ ይህ ፍጡር ጠንካራ ፍሬ እየሰበረ ይኖር ነበር ብለው ፈረዱ፤ «ለውዝ ሰባሪው» የሚል ቅጽል ስምም ወጣለት፤ ፍርዱም ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚያህል ጊዜ በመጻሕፍትና በአብያተ መዘክር ጸንቶ ኖረ።

በፈራጆቹ አይፈረድም፤ በእጃቸው የነበረው ዋና ምስክር የጥርሱ ቅርጽ ነበርና። ነገር ግን ወፍጮን ያየ ሰው የድንጋዩን ብርታት ቢመሰክር እንጂ በላዩ ያለፈው እህል ስንዴ ይሁን ማሽላ ሊናገር እንደማይችል፣ ቅርጽም ፍጡሩ ሊበላው ይችል ከነበረው አልፎ በእርግጥ የበላውን አይገልጥም። የተበላውን የሚያውቀው ሌላ ምስክር ከጥርሱ ባሕርይ ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። ዕፀዋት ከአየር የሚስቡት የማይፈርስ ካርቦን ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንዱ ቀላሉ ካርቦን 12፣ ሁለተኛው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ የሚገኘው ከባዱ ካርቦን 13 ነው። ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎች፣ ከእህልም ስንዴና ገብስ ከባዱን አብዝተው ይገፉታል፤ የቆላ ሣር፣ ደንገል፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፋችንም ጭምር ግን ከእነዚያ ይልቅ ይቀበሉታል። የበላተኛው ሥጋና አጥንት ከምግቡ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ዕድሜውን በጤፍ እንጀራ የኖረና ዕድሜውን በቆጮ የኖረ ሁለት ሰዎች፣ መልካቸው አንድ ቢሆን እንኳ፣ በአጥንታቸው ያለው የካርቦን ሚዛን ይለያያል።

ይህን ሚዛን የመለካት ጥበብ መጀመሪያ ያገለገለው ለቅርብ ዘመን ታሪክ ነበር፤ ቮገልና ቫን ደር ሜርቨ የተባሉ ሊቃውንት በ1969 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ከተቀበሩ የጥንት ነዋሪዎች አጥንት ተነሥተው በቆሎ በዚያ ምድር ምግብ መሆኑን አሳዩበት። ወደ ዚንጅ ስንመለስ፣ በ2000 ዓ.ም. ተመራማሪዎች የወገኖቹን መንጋጋ በረቂቅ ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ ጠንካራ ፍሬ የሚሰብር ጥርስ ሊኖረው የሚገባውን የጉድጓድ ጠባሳ አጡበት። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ቱር ሰርሊንግና ባልደረቦቹ በኬንያ ከተገኙ 22 የዚህ ወገን ግለሰቦች ኢናሜል ወስደው ቢመዝኑ፣ ከምግባቸው ሦስት አራተኛ ያህሉ ከቆላ ሣርና ከደንገል ወገን የመጣ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የቀረው የጭላዳ የጥንት ዘመዶችም፣ በዚያው ዘመን በዚያው ምድር ሲኖሩ፣ ተቀራራቢ ሚዛን ይዘው ተገኝተዋል። ያ ግዙፍ መንጋጋ እንግዲህ የተሰጠው፣ እንደሚመስለኝ፣ ሸካራ ቅጠልና ሥር ሲያኝክ ለሚውል ፍጡር ነበር።

በአገራችን ምድር የተገኙት አዕፅምት ነገሩን ወደ ጥንቱ ይመሩታል፤ ለእኔም ከሁሉ የከበረው ምዕራፍ ይህ ነው። በመካከለኛው አዋሽ በአራሚስ የተገኘችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ሲሆናት፣ የወገኖቿ ጥርስ በአብዛኛው የዛፍና የቁጥቋጦ ሲሳይን ይመሰክራል፤ የሣሩ ድርሻ ከሩብ አይበልጥም። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው የድንቅነሽ ወገን በኖረበት ዘመን ግን ማዕዱ ሰፍቶ ይታያል፤ በሐዳርና በዲኪካ የተሰበሰቡ ጥርሶች ተመርምረው ውጤቱ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ፣ አንዳንዶቹ የሣሩን ወገን ከነጭራሹ ያልቀመሱ ሲመስሉ፣ ሌሎቹ ከግማሽ በላይ የበሉ ሆነዋል። አንጎላቸው ገና ሳይተልቅ፣ የጫካውን ፍሬ ሳይተዉ የሜዳውንም በረከት ለመብላት የደፈሩት እነዚህ ፍጡራን፣ አንዱ መብል ቢታጣ በሌላው ለመኖር የሚያስችላቸውን ዕድል ያን ጊዜ አገኙ።

የእነዚህ ምስክሮች ዘመን ልዩ ልዩ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ኢናሜል አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ስለማይታደስ የልጅነትን ማዕድ ይጠብቃል፤ አጥንት ሳያቋርጥ ስለሚታደስ የኋለኞቹን ዓመታት ይናገራል፤ በጥርስ ገጽ ላይ ያለው ረቂቅ ጭረት ደግሞ ከሞት በፊት የነበሩትን ጥቂት ቀናትና ሳምንታት ይይዛል። ካርቦን ግን ለብቻው የማይፈታው እንቆቅልሽ አለ፤ ሣር የበላ ፍጡርና ሣር በሉን እንስሳ የበላ ፍጡር በእርሱ ዘንድ አንድ ናቸው። በመካከለኛው አዋሽ በቡሪ በተገኙ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ባስቆጠሩ የእንስሳት አጥንቶች ላይ የድንጋይ ስለት ምልክት በመታየቱ ሥጋ መበላቱ ቢታወቅም፣ መጠኑ ከዚያ አይነበብም። ሥጋ በልን ከሣር በል የሚለየው የናይትሮጅን ሚዛን ነው፤ በክሮኤሽያ በቪንዲያ ዋሻ የተገኙት ኒያንደርታል የተባሉ የጥንት ሰዎች አብዝተው ሥጋ ይበሉ እንደ ነበር በ1992 ዓ.ም. የታወቀው ኮላጅን በተባለው የአጥንታቸው ፕሮቲን ውስጥ ባለው ናይትሮጅን ነበር። ኮላጅን ግን በሙቀትና በዘመን ብዛት ስለሚጠፋ፣ ከአፋር በረሃ የሚሊዮን ዓመታት አዕፅምት አይጠበቅም።

ይህ በር ተዘግቶ የቀረ ይመስል ነበር። ሆኖም ቲና ሉደከና ባልደረቦቿ በደቡብ አፍሪካ በስተርክፎንቴን ከተገኙ የድንቅነሽ ዘመዶች የሆኑ የሰባት አውስትራሎፒቴከስ ጥርሶች፣ በኢናሜሉ ውስጥ የቀረችውን እጅግ ጥቂት ናይትሮጅን ለክተው፣ ፍጡራኑ ሥጋን በብዛት አይበሉ እንደ ነበር በ2017 ዓ.ም. አስታወቁ። ጥርሶቹ ሳይባክኑ ባይቆዩ ኖሮ ይህን መለካት ባልተቻለ ነበር።

ለእንዲህ ያለው ምርመራ ከኢናሜሉ የሚፋቀው ትቢያ በሚሊግራም የሚቆጠር ነው፤ ነገር ግን አንዴ ከተወሰደ አይተካም። ስለዚህ የአገራችንን ቅሪተ አካላት የሚጠብቁና ለምርምር ፈቃድ የሚሰጡ ወገኖች፣ ለዛሬው ጥያቄ የሚበቃውን ያህል ብቻ እየፈቀዱ፣ ገና ላልተሠራው መሣሪያና ገና ላልተወለደው መርማሪ ያልተነካ ጥርስ እንዲያስቀሩ አደራ እላለሁ።