ምልክት የሌለው ገመድ እንደ ታሪክ ምንጭ

ጽሑፍ የሌለበት የዩኤስቢ ገመድ ምን እንደሚችል መለየት የቴክኒክ ጥያቄ ብቻ ይመስላል። እኔ ግን የታሪክ ጥያቄም ነው እላለሁ፤ ገመዱ ዝም ያለው በአጋጣሚ አይደለምና።

ሰባት ኩባንያዎች ያዘጋጁት የመጀመሪያው የዩኤስቢ ደንብ በ1996 እ.ኤ.አ. ወጣ። በኮምፒውተሩ በኩል ያለው ጫፍና በመሣሪያው በኩል ያለው ጫፍ ሆን ተብሎ የተለያየ ቅርጽ ተሰጣቸው። በ2000 ፍጥነቱ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ደረሰ። በ2008 ወደ 5 ጊጋቢት ሲያድግ የጫፉ ውስጠኛ ፕላስቲክ ሰማያዊ እንዲሆን ተመከረ፤ የመገናኛ ነጥቦቹም ከ4 ወደ 9 ከፍ አሉ። ሰማያዊው ቀለም ግዴታ ባይሆንም፣ እስከዚያ ድረስ ጫፉን ያየ ሰው ስለ ገመዱ ብዙ ነገር ማወቅ ይችል ነበር።

በ2014 የዩኤስቢ-ሲ ጫፍ መጣ። ቢገለበጥም የሚገባ በመሆኑ ተጠቃሚውን ገላገለው፤ ቅርጹ ይሰጥ የነበረውን ምስክርነት ግን አጠፋው። ዛሬ ሁለት መንትያ የሚመስሉ ገመዶች አንዱ 480 ሜጋቢት፣ ሌላው 40 ጊጋቢት ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ስያሜውም አልረዳንም፤ የ2008ቱ ደንብ ፍጥነቱ ሳይለወጥ ሁለት ጊዜ ስሙ ተቀይሯል። (የነገሥታትን የዙፋን ስም ለለመደ የታሪክ ተማሪ ይህ እንግዳ አይሆንም።)

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። የጉግል መሐንዲስ ቤንሰን ለንግ ከ2015 ጀምሮ በኢንተርኔት የሚሸጡ ገመዶችን ይፈትሽ ነበር። በ2016 የኃይልና የመሬት መስመሮቹ ተቀያይረው የተገጠሙበት አንድ ገመድ ላፕቶፑን አበላሸበት።

ታዲያ እንዴት እንመርምር? በመጀመሪያ ኃይልንና ፍጥነትን እንለያይ፤ 240 ዋት የሚሸከም ገመድ መረጃ የሚያስተላልፈው በ480 ሜጋቢት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ጫፉ ዩኤስቢ-ሲ የሆነ ገመድ ከ3 አምፔር በላይ እንዲሸከም ደንቡ ማንነቱን የሚናገር ቺፕ ይጠይቃል፤ ቺፑን የሚያነብ መሞከሪያ መሣሪያም አለ። ነገር ግን ቺፑ የሚነግረን አምራቹ ስለ ራሱ የጻፈውን ነው፤ እንደ ማንኛውም ምንጭ በሌላ ማስረጃ መመሳከር አለበት። ፈጣን ዲስክ አገናኝታችሁ 10 ጊጋባይት ፋይል ቅዱ። በ480 ሜጋቢት መስመር ከ2 ደቂቃ ተኩል በታች ሊያልቅ አይችልም፤ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ካለቀ ገመዱ ከዚያ ትውልድ አይደለም።

ዋቱንና ጊጋቢቱን በገመዱ ላይ የሚያሳይ አዲስ ምልክት ከ2021 ወዲህ ወጥቷል፤ የሚያገኙት ግን የምስክር ወረቀት ያላቸው ገመዶች ብቻ ናቸው። በየመሳቢያችን ለተከማቹት የፈተናውን ውጤትና ቀኑን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን አንገታቸው ላይ እንሰርላቸዋለን።