ፕዩሪን ከሕዋስ ውጭ፦ ብግነትን የሚቀሰቅስም የሚያበርድም

ብግነት ጀርም በሌለበትም ይነሣል። አጥንት ሲሰበር ወይም ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ ሲሞት፣ አንዳች ባክቴሪያ ሳይኖር ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ስፍራው ይጎርፋሉ። ጉዳቱን ከሚያስታውቁት ውህዶች አንዱ ኤቲፒ ነው። ይህ ከፕዩሪን ቤተሰብ የሆነ ውህድ በሕዋስ ውስጥ በሚሊሞላር ይለካል፤ ከጤናማ ሕዋስ ውጭ ግን ወደ ናኖሞላር ይወርዳል። በመሆኑም የሕዋስ ሽፋን ሲቀደድ የሚፈስሰው ኤቲፒ ለጎረቤት ሕዋሳት የማያሻማ የአደጋ ምልክት ይሆናል። ጄፍሪ በርንስቶክ እ.ኤ.አ. በ1972 ኤቲፒ መልእክት አስተላላፊ ነው ብሎ ሲጽፍ ለዓመታት የገጠመው ጥርጣሬ ነበር፤ ሕዋስ ለኃይል የሚፈልገውን ውህድ ወደ ውጭ ይለቃል ብሎ ማመን ከብዶ ነበርና።

ማክሮፋጅ በተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ላይ ያለው ፒ2ኤክስ7 የተባለ ተቀባይ ለጥቂት ኤቲፒ አይከፈትም። ብዙ ሲያገኝ ግን ይከፈታል፣ ፖታሲየም ከሕዋሱ ይወጣል፤ ይህም ኤንኤልአርፒ3 ኢንፍላማዞም የተሰኘውን የፕሮቲኖች ጥምረት ያነሣሣል። ጥምረቱ ካስፔዝ-1 የተባለውን ኢንዛይም ያነቃል፤ ካስፔዝ-1 በፋንታው ብግነት ቀስቃሹን ኢንተርሉኪን-1 ቤታን ቆርጦ ለሥራ ያበቃዋል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ፕዩሪንን የብግነት ቀስቃሽ ብለን ባለፍን ነበር። ነገር ግን ሲዲ39 የተባለው ኢንዛይም ከኤቲፒ ላይ ሁለት ፎስፌት ይነቅላል፤ ሲዲ73 የቀረችውን አንዷን ያነሣና አዴኖሲን ይተርፋል። አዴኖሲን ኤ2ኤ በተባለው ተቀባይ በኩል በሕዋሱ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒን ያበዛል፤ ብግነት ቀስቃሹ ቲኤንኤፍ-አልፋም ይቀንሳል። ኦታና ሲትኮቭስኪ በ2001 እንዳሳዩት፣ ይህ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች በጤናማ አይጥ ላይ ብዙ ጉዳት በማያደርስ ቅስቀሳ ሕብረ ሕዋሳቸው ክፉኛ ይጎዳል። ለመገጣጠሚያ ብግነት በአነስተኛ መጠን የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴትም የሚረዳው በከፊል አዴኖሲንን በማብዛት እንደሆነ ይታሰባል። ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ፣ ኤቲፒ በምን ፍጥነት ወደ አዴኖሲን ይለወጣል የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ።

በሰው አካል የፕዩሪን መጨረሻ ዩሪክ አሲድ ነው፤ እርሱን የሚሰብረው ዩሪኬዝ የተባለ ኢንዛይም በዘር ሐረጋችን ከጠፋ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል። በደም የሟሟ ዩሪክ አሲድ ጎጂ ኦክሲጅን አዘል ውህዶችን ያከሽፋል። መጠኑ በዴሲሊትር ከ6.8 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ግን ክሪስታል ሊሠራ ይችላል፤ ክሪስታሉም ያንኑ ኤንኤልአርፒ3 ያስነሣል። የሪህ ሕመምተኛን በሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው የእግር አውራ ጣት ቁርጥማት ከዚህ ይመነጫል።

የቡናችን ካፌይንም ፕዩሪን ነው፤ የአዴኖሲንን ተቀባዮች ስለሚዘጋ ብግነትን ያባብሳል ብሎ መጠበቅ ይቻላል። ይሁን እንጂ ፈርማንና ባልደረቦቹ በ2017 በአረጋውያን ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ብዙ ካፌይን የሚጠጡት ሰዎች የኢንፍላማዞም ጂኖቻቸው እምብዛም ያልነቁ ሆነው ተገኝተዋል። በደም ውስጥ ያለ አዴኒን የተባለ ሌላ ፕዩሪን ኢንፍላማዞሙን እንደሚያነሣሣ፣ ካፌይን ደግሞ ይህን በከፊል እንደሚገታ በሕዋሳት ላይ ታይቷል። ይህ ቡና መድኃኒት ነው ለማለት አያበቃም፤ የአንድ ፕዩሪን ውጤት ከአንድ ተቀባይ ብቻ እንደማይተነበይ ግን ያስረዳል።

በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የሚሠሩ ሙከራዎችም ጥንቃቄ ይሻሉ። ሕዋሳት የሚያድጉበት የከብት ሴረም አዴኖሲን ዲአሚኔዝ ስላለበት የተጨመረውን አዴኖሲን ወደ ኢኖሲን ይለውጣል፤ ኢኖሲን ደግሞ በራሱ ብግነትን ሊያበርድ ይችላል። ይህን ኢንዛይም ሳይገታ ወይም ኢኖሲንን ሳይለካ የቀረበ ውጤት ለአዴኖሲን ብቻ ሊሰጥ አይገባም።