የኩባንያዎች ማኅበራዊ ኃላፊነት፡ ምፅዋት ወይስ ግዴታ?

“ማኅበራዊ ኃላፊነት” ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አንድ ድርጅት ለትምህርት ቤት መጻሕፍት ሲያበረክት፣ ሥራ አስኪያጁም ትልቅ ቼክ ይዞ ፎቶግራፍ ሲነሳ ነው። ልግስና የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ጽንሰ ሐሳቡ ግን ከዚህ ይሰፋል። ዋናው ጥያቄ ኩባንያው ካተረፈው ላይ ምን ያህል ሰጠ ሳይሆን ትርፉን እንዴት አገኘው የሚለው ነው።

የሐሳቡ አመጣጥ

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ሃዋርድ ቦወን እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት መጽሐፍ ለነጋዴው ማኅበራዊ ኃላፊነት የዘመናዊ ውይይት መሠረት ጣሉ። ሚልተን ፍሪድማን በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1970 በኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ የኩባንያ ኃላፊነት ትርፉን ማሳደግ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ፍሪድማንን የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት፣ ምሁሩ ይህንን ያሉት “ሕግ ተከብሮ፣ ያለ ማጭበርበር” በሚል ቅድመ ሁኔታ መሆኑን ነው። አርቺ ካሮል እ.ኤ.አ. በ1991 ኃላፊነቱን በአራት ደረጃ ከፈሉት፤ እነሱም ኢኮኖሚያዊ፣ ሕጋዊ፣ ሥነ ምግባራዊና የበጎ አድራጎት ናቸው። በጎ አድራጎት የመጨረሻው እርከን እንጂ መሠረቱ አይደለም።

የራና ፕላዛ ትምህርት

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 2013 በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አቅራቢያ በሚገኘው ባለ ስምንት ፎቅ ራና ፕላዛ ሕንፃ ላይ ስንጥቅ ታየ። ሕንፃውን ያየ መሐንዲስ አደገኛ መሆኑን አስጠነቀቀ። በታችኛው ፎቅ የነበሩት ባንክና ሱቆች ተዘጉ። የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ እንዲገቡ ታዘዙ። ሕንፃው ተደረመሰ፤ 1,134 ሰዎች ሞቱ።

በሕንፃው ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎች ሁለቱ ቀደም ሲል በገዢዎች የበጎ ፈቃድ አሠራር መሠረት ተፈትሸው ነበር። ፍተሻው ግን የሕንፃውን ጥንካሬ አይመለከትም። ወረቀቱ ተሟልቶ ሕንፃው ወደቀ ማለት ነው።

ከፈቃደኝነት ወደ ግዴታ

የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባጸደቀው መርሕ፣ መንግሥት መብትን እንዲጠብቅ፣ ኩባንያ እንዲያከብር፣ ተጎጂም መፍትሔ እንዲያገኝ ይጠይቃል። ከራና ፕላዛ በኋላ ደግሞ በግንቦት 2013 የልብስ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በእሳትና በሕንፃ ደኅንነት ላይ አስገዳጅ ስምምነት ተፈራረሙ። ሕንድ በዚያው ዓመት ባወጣችው የኩባንያዎች ሕግ፣ ትልልቅ ድርጅቶች ካለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ የተጣራ ትርፋቸው 2 በመቶውን ለማኅበራዊ ሥራ እንዲያውሉ ደነገገች። የሕንድ መንገድ ገንዘብ ያስገኛል፤ ይሁንና ትርፉ እንዴት ተገኘ የሚለውን አይመልስም።

በኢትዮጵያ ሕግ

በእኛም አገር ቢሆን ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ ለነጋዴው በጎ ፈቃድ የተተወ አይደለም። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። አሠሪው ስለሚያሰጋ አደጋ አስቀድሞ ተነግሮት እርምጃ ካልወሰደ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ሆኖም ይህ መብት ሥራን የመልቀቅ መብት ነው። በወር ደመወዙ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ካሳ ቢከፈለውም ቀላል ምርጫ አይደለም።

በአንጻሩ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ፣ ሕጉ ለፈቀዳቸው ስጦታዎች ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ተቀናሽ እንዲሆን ፈቅዷል። ለጋሹ እንዲበረታታ ታስቦ ነው፤ መልካም ነው። ነገር ግን ስጦታው የሌላውን ግዴታ አያካክስም። ሠራተኛውን አስርቦ ለነዳያን መመጽወት፣ ወንዙን በክሎ ለመንደሩ የውኃ ቧንቧ መስጠት፣ ዕዳን በውለታ ስም መክፈል ነው።

ስለዚህ የአንድን ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት ስናነብ ከፎቶግራፉ አልፈን እንጠይቅ። ፍሳሹ የት ይሄዳል? የአደጋ መዝገቡ ምን ይላል? ኦዲተሩ፣ መሐንዲሱና የሕግ አማካሪው “አይሆንም” ያሉት መቼ ነው፣ ማንስ ሰማቸው? በራና ፕላዛ “አይሆንም” ያለ ባለሙያ ነበር። የጠፋው የሚሰማው ነው።