የሁለት የአየር ኃይል ሰዎች ሞትና የመርዝ ጋዝ ሰበብ

ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ቲቶ ሚኒቲና ሊቪዮ ዛኖኒ የተባሉ ሁለት የኢጣልያ አየር ኃይል ሰዎች አውሮፕላናቸው በኦጋዴን፤ በደጋሐቡር አቅራቢያ ሳይወዱ ወርዶባቸው፤ በዚያው ሞቱ። የፋሺስት መንግሥትም ሚኒቲ አንገቱ ተቆርጧል እያለ ለዓለም አሰማ፤ የመርዝ ጋዝንም የዚህ በቀል አድርጎ አቀረበው። ምርኮኛን መግደል በማንኛውም ወገን ቢፈጸም የሚያስወቅስ ነው። ሆኖም የቀኖቹን ቅደም ተከተል መመርመር ይገባል።

ሙሶሊኒ ለግራዚያኒ በጋዝ እንዲጠቀም በቴሌግራም የፈቀደው ጥቅምት 16 ቀን፤ ማለት ከሁለት ወር በፊት ነበር። በተከዜም የራስ እምሩ ጦር በይፔሪት የተደበደበው ታኅሣሥ 13 ቀን ሲሆን፤ በዚያን ዕለት ሚኒቲ ገና በሕይወት ነበረ። ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሠፈር ቦምብ ሲጣልበትም የተጠቀሰው ይኸው በቀል ነው።

በጋዝ መዋጋትን የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቭ ውል የፈረመ መንግሥት፤ ለአድራጎቱ ሰበብ መፈለጉ አያስደንቅም። በጋዝ መጠቀሙን ያመነው ግን በ1996 (እ.ኤ.አ.) ነው። እንግዲህ የሁለቱ ሰዎች ሞት ለጋዙ ሽፋን ሆነ እንጂ ምክንያት አልነበረም።