ሙቀትና ብርድ የፈተኑት ባትሪ

በ2012 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ በአሜሪካዋ ፊኒክስ ከተማ የሚኖሩ የኒሳን ሊፍ ባለቤቶች መሪው ፊት ለፊት ያለውን ሰሌዳ እያዩ ይጨነቁ ጀመር። ሰሌዳው ላይ የባትሪውን አቅም የሚያሳዩ 12 ትንንሽ መስመሮች አሉ። መኪናው ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው የላይኛው መስመር ጠፋ፤ በአንዳንዱ መኪና ላይ ሁለተኛውና ሦስተኛውም ተከተሉ። የመጀመሪያው መስመር ሲጠፋ ባትሪው ከአቅሙ 15 በመቶ ያህሉን አጥቷል ማለት ነው።

ፊኒክስ በዚያ ወቅት በአብዛኛው ቀን 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ታልፋለች። የሊፍ ባትሪ ደግሞ በታሸገ ሳጥን ውስጥ፣ ያለ ምንም ፈሳሽ ማቀዝቀዣ የተቀመጠ ነበር። በ2008 የወጣው ቴስላ ሮድስተርም ሆነ ከሊፍ ጋር በአንድ ወር ገበያ የገባው ሸቭሮሌ ቮልት ባትሪያቸውን በፈሳሽ ያቀዘቅዙ ስለነበር፣ መፍትሔው ያልታወቀ ነገር አልነበረም። ከብዙ ክርክር በኋላ ኒሳን ዋስትና ሰጠ፦ በ5 ዓመት ወይም በ96,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ መስመሮቹ ከ9 በታች ከወረዱ ባትሪው ይጠገናል ወይም ይለወጣል። ለ2015 ሞዴል ደግሞ ሙቀት የሚችል አዲስ ባትሪ አመጣ። በረሃ ለምዶ በሚኖረው እንሽላሊት ስም ተጠራ።

ሙቀት ባትሪን የሚጎዳው ቀስ በቀስ ነው። ባትሪው ገና ሲጀምር ሊቲየሙን በሚያሳድረው ካርቦን፣ በግራፋይቱ ላይ፣ ስስ ሽፋን ይፈጠራል፤ ኢማኑኤል ፔለድ የተባለው ተመራማሪ የዚህን ሽፋን ምንነት ያብራራው በ1979 ነበር። ሽፋኑ ባትሪውን ይጠብቃል፤ ያለ እርሱ ባትሪው አይሠራም። ችግሩ ማደጉን አለማቆሙ ነው። ባደገ ቁጥር ሊቲየሙን ይበላል፣ ሙቀት ደግሞ እድገቱን ያፋጥነዋል። በዘርፉ በሰፊው በሚታወቅ ስሌት መሠረት፣ ከግማሽ በታች ተሞልቶ በ25 ዲግሪ የተቀመጠ ባትሪ ከዓመት በኋላ 96 በመቶ ያህል አቅሙ ይቀረዋል። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ በ40 ዲግሪ ከቆየ ግን የሚቀረው 65 በመቶ ገደማ ነው።

የብርዱ ታሪክ ይረዝማል፤ የሚጀምረውም ከሊቲየም ብረት ነው። በ1970ዎቹ ስታንሊ ዊቲንግሃም በኤክሶን ኩባንያ የሠራው ባትሪ ንጹሕ የሊቲየም ብረት ነበረበት። ይህ ብረት ቻርጅ ሲደረግ እኩል አይደለደልም፤ እንደ መርፌ እየሾለ ያድግና ሁለቱን የባትሪ ጫፎች በውስጥ ያገናኛል። ያኔ እሳት ይነሣል። በ1989 የካናዳው ሞሊ ኢነርጂ በዚህ ዓይነት ባትሪ የሚሠሩ የጃፓን ሞባይሎች ስለተቃጠሉበት ምርቱን ከገበያ ሰበሰበ።

መውጫው የተገኘው ሊቲየሙን በብረት መልክ ባለማስቀመጥ ነው። ሞሮኳዊው ራሺድ ያዛሚ በ1980 ገደማ ግሬኖብል ውስጥ ሊቲየም እንደ መጽሐፍ ገጽ በተደራረበው ግራፋይት መካከል ገብቶ መውጣት እንደሚችል አሳየ። አኪራ ዮሺኖ በ1985 ሊቲየሙን በካርቦን ውስጥ የሚያሳድር ባትሪ ሠራ፤ ሶኒም በ1991 ይህን መሰል ባትሪ ለገበያ አቀረበ። ዊቲንግሃም፣ ዮሺኖና ጆን ጉድኢናፍ በ2019 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ያዛሚ አለመካተቱ ለአፍሪካ ሳይንስ የሚያስቆጭ ነው።

ብርድ ግን ያንን አሮጌ ጠላት መልሶ ይጠራዋል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ ገጾች ለመግባት ይዘገያል። በዚህ ጊዜ በኃይል ቻርጅ ከተደረገ ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ ብረት ሆኖ ይጋገራል። የ1991ዱ ባትሪ ወደ 1989ኙ ተመለሰ ማለት ነው። ዛሬ ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብርድ ቻርጅ ከመጀመራቸው በፊት ባትሪውን የሚያሞቁት ለዚህ ነው።

የብርዱ ጣጣ በመኪና ብቻ አይወሰንም። በጥር 2013 በቦስተን አውሮፕላን ማረፊያና በጃፓን ሰማይ ላይ በነበሩ ሁለት ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች የሊቲየም ባትሪዎች ከመጠን በላይ ግለው ጨሱ። በዓለም ዙሪያ አገልግሎት ላይ የነበሩት 50 አውሮፕላኖች በሙሉ ከበረራ ታገዱ። የጃፓን መርማሪዎች ኋላ ባወጡት ሪፖርት፣ የሌሊቱ ብርድ ሊቲየሙ እንዲጋገር አድርጎ ለአደጋው አስተዋጽኦ አድርጎ ሊሆን እንደሚችል ጠቁመዋል። ቦይንግ ባትሪውን በብረት ሳጥን አሸገው፣ የቻርጁንም መጠን አጠበበው። ከእገዳው በኋላ በ787 መንገደኞችን በመጫን ከዓለም የቀደመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በረረ።

ከ2024 ጀምሮ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። በአዲስ አበባ አየር የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ብዙም አይቸገርም። ሰመራ፣ ድሬዳዋና ጋምቤላ ግን በሙቀታቸው ከአዲስ አበባ ይልቅ ለፊኒክስ ይቀርባሉ። በእነዚህ ከተሞች የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ከመጠየቁ በፊት ባትሪው ማቀዝቀዣ እንዳለው፣ የአቅም ዋስትናውም ስንት ዓመት እንደሆነ ይጠይቅ። ከገዛም በኋላ ጥላ ሥር ያቁመው፤ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ፀሐይ ላይ አያውለው።