ዛፍ መቁጠርና ቦታ መከለል፦ የወሎ ደጋ ማገገም በምን ይለካ?

የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ1998 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ስለ ወሎ ደን የሚደረገውን ውይይት መልክ ቀይሮታል። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ይዘው ከ60 ዓመት በኋላ በየቦታው ተገኝተው ደግመው አነሱ፤ ሁለቱን ሲያስተያዩም በብዙ ቦታ ዛፉ ጨምሮ አገኙት። የአገሪቱ 40 በመቶ ደን ነበረ፣ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አለቀ የሚለውን ትረካ ተመራማሪዎቹ ጀምስ ማካንና አለን ሆበንም ተችተውታል። በዚህ በኩል ክርክር የለም።

ክርክሩ በተቆጠረው ነገር ላይ ነው። ከጨመረው ዛፍ አብዛኛው ገበሬው ለምሰሶ፣ ለማገዶና ለገበያ ብሎ በጓሮውና በማሳው ዳር የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ክራሚ ይህን አልሸሸጉም፤ ገበሬውን ከደን አውዳሚነት ክስ ነጻ ማውጣታቸውም ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም ከዚህ ተነስቶ አገሬው የተፈጥሮ ሀብቱን በፈቃዱ እየመለሰ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ፎቶግራፍ ከሩቅ የሚታየውን ግንድ ይመዘግባል፤ ከግንዱ ሥር ሣር መኖሩን፣ አውሬ ማደሩን ግን አይናገርም።

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ የሚገኘው የደንቆሮ ጫካ፣ በ2001 ዓ.ም. የተቋቋመው የቦረና ሳይንት ፓርክ እምብርት፣ ይህን በግልጽ ያሳያል። የጫካው ቁልቁለት የምኒልክ ድኩላን ያኖራል፤ ከላይ ያለው ውርጫማ ሜዳ ደግሞ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በሣሩ ውስጥ የሚሽሎከለከውን አይጥ ነው። የጓሳ ሣር ጉች ጉች ብሎ ይበቅላል፤ የደረቀው ቅጠል ሥሩን ሸፍኖ እርጥበት ይይዛል፣ አይጡም በዚያ ውስጥ መንገድ ያወጣል። ሣሩ ሲጋጥ ወይም ሜዳው ሲታረስ አይጡ መሸሸጊያ ያጣል፣ ቀበሮውም ይራባል። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ የሚተከል ችግኝ፣ ተካዩ የቱንም ያህል በጎ ፈቃደኛ ቢሆን፣ ጥፋት እንጂ ጥገና አይደለም።

ቸል የተባለው ምስክር ያለው ከወሎ ደቡብ፣ መንዝ ውስጥ ነው። ዘለዓለም ተፈራና ናይጄል ሌደር-ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳን ሜዳ ቄሮ በሚባል ሥርዓት እንዴት እንደጠበቀ ይዘረዝራል። ሜዳው ለዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ቤት መክደኛው ሣር ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲጠና ይከፈታል። ጥበቃው በየተራ ነው፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቄሮ የቆመበትን የርስት ሥርዓት ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ነዋሪው ግን ኋላ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መለሰው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ችግኝ የለም፤ መከልከል፣ መጠበቅ፣ መታገሥ ብቻ።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በየበጋው የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻም በዚህ ዓይን መታየት አለበት። እህል ከተወቃ በኋላ ገበሬው ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል፤ በኤ-ፍሬም ውኃ ልክ ይወሰዳል፣ ድንጋይ ይለቀማል፣ እርከን ይሠራል። ዓይነተኛው ሥራ የሚጀመረው ግን ዘመቻው ሲበተን ነው፤ ያ ተራራ ክረምቱን ከከብት ይጠበቃል ወይ? ሣሩ እየታጨደ ለከብት ይወሰዳል ወይ? ሪፖርቱ የእርከኑን ኪሎ ሜትርና የችግኙን ቁጥር ይዞ ሲመጣ ይህን አይነግረንም።

የመንዝ ሥርዓት በአጽመ ርስት፣ ማለትም በዘር በሚወረስ የመሬት መብት ላይ የቆመ ስለሆነ ለወሎ አይሆንም የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ብዙ አያስኬድም፤ ርስቱ ቀርቶም ጓሳ ተጠብቋል። ወሎም ቢሆን ቅሬ አለው፤ ቀብር ላይ ያልተገኘውን የሚቀጣ፣ ተራ የሚያወጣ፣ በብዙ ቦታ እስላምና ክርስቲያኑን አንድ ላይ የያዘ ማኅበር። ግጦሽ ለጠበበው ድሃ መሬት መዝጋት ቅንጦት ነው የሚሉም አሉ፤ የተዘጋ መሬት ግን በድርቅ ጊዜ የሚከፈት ጎተራ መሆኑን የቄሮ ደንብ ራሱ መልሷል። እርግጥ ነው፣ ከአንድ የመንዝ ሜዳ ተነስቶ ስለ ደጋው ሁሉ መናገር ጥንቃቄ ይሻል።

ክራሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ያነሷቸው ፎቶግራፎች ራሳቸው አርጅተዋል። ሦስተኛ ዙር የሚያነሳ አጥኚ ቢገኝ በወረኢሉ፣ በቦረናና በሳይንት ካሜራውን ከማቆሙ በፊት እያንዳንዱ ቦታ ስንት ክረምት ተዘግቶ እንደቆየ፣ ጥበቃው የማን ተራ እንደሆነ፣ የደጋው ዕፅዋት አስታና ጅብራ ተመልሰው እንደሆነ ከነዋሪው ጠይቆ ይመዝግብ።