አባይን ልትሻገር የተነሣችው የአራዳ ቮልስ

እንግዲህ ስሙኝ። ነገሩ የሆነው ዶሮ ማነቂያ ገና ሳትፈርስ፣ ፒያሳ የድሮ መልኳን እንደያዘች ነው። ወሩ ጥር፣ ሰሞኑ የሠርግ። አንድ ጡረታ የወጡ የአራዳ መምህር የእህታቸው ልጅ ደብረ ማርቆስ ልትዳር ነውና «በአውቶቡስ አልሄድም፤ በቮልሴ ነው የምገባው» ብለው ማሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቮልሷ እ.ኤ.አ. የ1968 ሥሪት ናት፤ ሞተሯ 1300፣ ጉልበቷ በአዲስነቷ 40 ፈረስ። መንገዱ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር፣ መካከሉ ላይ አባይ በረሃ።

ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣው የወንድማቸው ልጅ ነው። የስፖርት መኪና ወዳድ ነው፤ ከፖርሽ በታች አያወራም። መምህሩ ታዲያ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። «እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያው ፖርሽ 356 ሲሠራ ሞተሩ ከየት የመጣ ይመስልሃል? ከዚህችው ከቮልስ ነው! የፖርሽን አያት አትስደብ» አሉት። እኔም ልጨምርላችሁ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥታቸው አውጥታ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰደቻቸው ቮልስ ናት። በታሪክ በኩል እሷን የሚስተካከል ሮልስ ሮይስ እኔ አላውቅም።

ይሁንና ታሪክ አቀበት አያስወጣም። አጎትና የወንድም ልጅ ተያይዘው ሠራተኛ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ አሮጌ መካኒክ ዘንድ ወረዱ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በቮልስና በላዳ ያሳለፉ ናቸው፤ ኮምፒዩተር የሚሰካባት መኪና ከመጣች በሩን ያሳዩዋታል። ቮልሷን አላስነሷትም። መጀመሪያ ዞረው ከኋላ ኮፈኑን ከፈቱ፣ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዘው አሸተቱ፤ ቤንዚን የተቀላቀለበት ዘይት ሽታው ይለያል። ቺንጋውን በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉ፤ አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ገባ፣ ደህና። ውሃ የላትምና በቮልስ ላይ ቺንጋ ማለት ነፍስ ነው፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የሚዞረው በእሱ ነው።

ከዚያ በኋላ «ሂድ፣ እስክትሞቅ ድረስ ቸርችልን ወርደህ ውጣ» አሉና ልጁን ሰደዱት። ሞቃ ስትመለስ አራቱን ካንዴላ ፈቱ፣ እሳቱን አቋረጡ፣ መምህሩ ቤንዚን መስጫውን እስከ ጥግ ረግጠው ሞተሪኖውን አስጮሁ፣ ሽማግሌው የኮምፕሬሽን መለኪያውን ከአንድ ወደ አንድ እያዘዋወሩ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፉ። አንደኛው 6.2 ባር። ሁለተኛው 6.1። ሦስተኛው 4.4። አራተኛው 6።

ልጁ ስልኩን ከፈተ። ጤነኛ ሞተር ከ7 እስከ 9 ባር ማሳየት አለበት ይላል። «አባባ፣ ይሄ ሞተር እኮ አልቋል! አራቱም ወድቀዋል» አለ።

ሽማግሌው ጠመኔውን አስቀመጡ። «የት ሆኖ ነው ሰባት የሚለው?»

ልጁ ዝም አለ።

«ባሕር ዳርቻ ሆኖ ነው። አንተ የቆምኸው ከባሕር በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብለህ ነው። እዚህ አየሩ ሩብ ያህል ይጎድላል። ፒስተኑ የሚጨምቀው ያገኘውን ነው፤ የሌለውን ከየት ያምጣ? 6.2 ማለት ታች ቢሆን ስምንት አልፎ ነበር። ሦስቱ ጤነኞች ናቸው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። አዲስ አበባ ውስጥ ምንም ሳይሆን የፈረሰ ሞተር ስንት እንደሆነ ቢቆጠር ጉድ ይወጣ ነበር። መለኪያው አልዋሸም፣ መጽሐፉም አልዋሸም፤ ብቻ መጽሐፉ የተጻፈው ለሌላ አየር ነው። አስተዋይ መካኒክ የሚያየው የቁጥሩን ትልቅነት ሳይሆን የአራቱን ልዩነት ነው። አንዱ ከወንድሞቹ ተለይቶ ከወደቀ፣ ነገር አለ።

ሦስተኛው ወድቋል። ሽማግሌው ጥቂት ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አንጠባጥበው እንደገና ለኩ። የፒስተኑ ፋሻ አልቆ ከሆነ ዘይቱ ክፍተቱን ይደፍንና ቁጥሩ ይዘላል። ቁጥሩ 4.6 ላይ ቀረ። «ፋሻ አይደለም፤ ባልቦላ ነው። ሌላ ሲሊንደር ቢሆን ይገርመኝ ነበር» አሉ።

የቮልስን ገመና የሚያውቅ ሰው ለምን እንዲህ እንዳሉ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. እስከ 1970 በተሠሩት ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው የተተከለው በማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ ልክ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ነው። ለሦስተኛው የሚደርሰው ነፋስ በዘይቱ ሙቀት አልፎ የመጣ ነው። ፋብሪካውም ይህን ስላወቀ በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሦስተኛውን እሳት ጥቂት ዲግሪ አዘግይቶታል። ያም ሆኖ መጀመሪያ የሚቃጠለው የእሱ ጭስ ማውጫ ባልቦላ ነው።

ባልቦላ የሚለካው ሞተሩ በረዶ ሆኖ ነውና ቮልሷ እዚያው አደረች። በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌው የባልቦላውን ክዳን የያዘውን ሽቦ ነቅለው ስስ መለኪያ ብረታቸውን አስገቡ። 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባው ነበር። 0.05 እንኳ አልገባ አለ። ክፍተቱ ጠፍቷል፤ ሞተሩ ሲግል ባልቦላው ጨርሶ አይዘጋም፣ ግፊቱም በዚያው ይሾልካል። አስተካከሉት፣ አስነሡ፣ አሙቀው ለኩ። 5.9።

መምህሩ እጃቸውን አጨበጨቡ። «እንግዲህ ነገ እንነሣለን!»

«አትነሡም» አሉ ሽማግሌው። ክፍተት ዝም ብሎ አይጠብም። ባልቦላው መቀመጫው ውስጥ ሰምጦ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቀስ የሚል ነገር ነው። ወይም አንገቱ በሙቀት እየተሳበ ሊሆን ይችላል፤ ይህኛው አንድ ቀን ተበጥሶ ሲሊንደሩ ውስጥ ይወድቅና ፒስተኑንም ቴስታታውንም ይዞ ይጠፋል። አባይ በረሃ መካከል ላይ ማለት ነው። ሁለቱን የሚለይ አንድ መንገድ አለ፦ በአዲሱ ገበያ አድርጎ እንጦጦን ማስወጣት፣ ሱሉልታ ደርሶ መመለስ፣ ማሳደር፣ እንደገና መለካት፤ አንገቱ እየተሳበ ከሆነ ክፍተቱ መልሶ ይጠባል። እንዲሁ ተደረገ። ብረቱ ልክ እንደ ትናንቱ ገባ። ሽማግሌው ፈቀዱ፤ ግን አንድ ነገር ቀርቷቸው ነበር።

መምህሩ ከዓመታት በፊት እሳቱን ወደፊት አስገፍተውት ኖሯል። የአዲስ አበባ ሹፌር የተለመደ ዘዴ ነው፤ በስስ አየር ቅልቅሉ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ካንዴላው ቀደም ብሎ ቢተኩስ ጉልበት ይገኛል። መብራት ገመድ ላይ አሥረው ሲያዩት 12 ዲግሪ ላይ ቆሟል። ወደ ፋብሪካው 7.5 መለሱት። መምህሩ ከፖስታ ቤት እስከ ማዘጋጃ በሦስተኛ ማርሽ ሞክረው ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል።

«አደከምካት! ድሮ በሦስት የምትወጣውን ዛሬ ማዘጋጃ ሳልደርስ ወደ ሁለት አወረደችኝ።»

«ቸርችልን ልትወጣ ነው ወይስ አባይን?»

ነገሩ እውነት ነው። ከበረሃው አፋፍ ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው። ታች ስትደርሱ አየሩ ወፍሯል፤ ከባሕር ጠለል የሚጎድለው ስምንተኛው ያህል ብቻ ነው። ሙቀቱ ደግሞ ከአራዳ ጋር አይገናኝም። በዚያ ወፍራም አየር፣ እሳቱ እንደተገፋ፣ ቤንዚን ተረግጦ ማዶ ወዳለችው ደጀን ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ይንኳኳል፤ የሚንኳኳ ሞተር የሚበላው ደግሞ ያንኑ ሦስተኛውን ነው። ለፒያሳ አየር የተቃኘ ሞተር ፒያሳን ይወጣል፤ ሽማግሌው የፈለጉት ለመንገዱ የከፋ ቦታ የተቃኘ ነው። ካርቡራቶሩንም በዚሁ ምክንያት አልነኩም፤ ቤንዚን እንዲቀንስ አድርጎ መሄድ በረሃ ላይ ሙቀት መጨመር ነው።

ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ወረዱ፣ ፍሬኑን ለክፉ ቀን አስቀምጠው። አቀበቱ ላይ ከባድ መኪኖች ኋላ በጭስ እየታጠኑ ተጎተቱ። ሠርጉን አልነግራችሁም፤ ሠርግ ሁሉ አንድ ነው። በማግሥቱ ማለዳ ልጁ ከደብረ ማርቆስ ደወለ።

«አባባ፣ ደርሰናል። ሞተሩ አንዴም አልተንኳኳም።»

«ቀዝቅዟል?»

«ሌሊቱን አድሯል።»

«ሳታስነሣው በፊት ሦስተኛውን ለካ፤ ብረቷን ኪስህ ውስጥ አድርጌልሃለሁ።»

ልጁ ሱፉን አውልቆ፣ የሙሽራዋ ዘመዶች እያዩት፣ ቮልሷ ኋላ ተንበረከከ።